የጉዲፈቻ ቤተሰቦች የሥነ ልቦና ድጋፍ በእንግሊዝ፦ ከተቆለፈው መዝገብ እስከ ምክር ክፍሉ

ጉዲፈቻ በእንግሊዝና በዌልስ ሕጋዊ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1926 በወጣው ሕግ ነው (የሌሎቹም ዓመታት አቆጣጠር እንዲሁ ነው)። ከዚያ በፊትም የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ ነበር፤ ነገር ግን የወለደችው እናት ሐሳቧን ቀይራ ብትመጣ አሳዳጊዎቹ በሕግ የጸና መብት አልነበራቸውም። አዲሱ ሕግ ይህን ሥጋት አስወገደ። ፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ትእዛዝ ሲሰጥ የወለዱት ወላጆች መብትና ግዴታ ይቋረጣል፣ ልጁም በጉዲፈቻ ልጆች መዝገብ ይሰፍራል። ይህን መዝገብ ከመጀመሪያው የልደት መዝገብ ጋር የሚያገናኘው ሰነድ ግን ተቆለፈበት። የ1949 ሕግ ደግሞ አሳዳጊዎች በስማቸው ፈንታ በቁጥር እየተጠሩ ጉዳያቸውን እንዲጨርሱ ፈቀደ። የ1992 ዓ.ም. (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለዱት ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ የእንግሊዙ መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነበር።

ምስጢሩ ለሁሉም የሚበጅ መስሎ ታይቷል። አብዛኞቹ ሕፃናት ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ስለነበሩ እናቲቱ ከነውር፣ ልጁ «ዲቃላ» ከመባል፣ አሳዳጊዎቹም ከመካንነት ሐሜት ይድናሉ ተባለ። ትእዛዙ ከተፈረመ በኋላ ቤተሰቡ እንደማንኛውም ቤተሰብ ስለሚቆጠር ዞሮ የሚጠይቀው አልነበረም። በ1968 ብቻ ወደ 25,000 የሚጠጉ የጉዲፈቻ ትእዛዞች ተሰጡ።

ስኮትላንድ ከመነሻዋ ትለይ ነበር። የ1930 ሕጓ የጉዲፈቻ ልጅ 17 ዓመት ሲሞላው የልደት መዝገቡን እንዲያይ ይፈቅድለት ነበር። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ጆን ትሪሴሊዮቲስ በዚህ መብት የተጠቀሙ 70 ሰዎችን አነጋግሮ በ1973 መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎቹን ያመጣቸው የርስት ጥያቄ ሳይሆን የማን ዘር እንደሆኑ የማወቅ ፍላጎት ነበር። ክፉኛ የተጎዱት ዘግይተው ወይም ከባዕድ አፍ የሰሙት ነበሩ። ጥናቱ የ1975ቱን የሕፃናት ሕግ ለማውጣት ረዳ፤ በእንግሊዝና በዌልስም 18 ዓመት የሞላው ሁሉ ሰነዱን የማግኘት መብት አገኘ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ጉዲፈቻ የተደረገ ሰው ግን አስቀድሞ አማካሪ ፊት መቅረብ ነበረበት። አማካሪው የቀድሞ ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ትእዛዙን የሰጠውን ፍርድ ቤት ይነግረዋል፤ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንዳሰበም ይጠይቀዋል። ግዴታው የመጣው ልጁን ለማጽናናት ከማሰብ ይልቅ ምስጢሯ ይጠበቃል ተብላ የነበረችውን እናት ከድንገተኛ እንግዳ ለመከላከል ነው። ምክር በሕግ የገባው እንግዲህ በጥርጣሬ በር ነው።

ለአሳዳጊዎች የደረሰው እርዳታ ከዚያም የዘገየ ነበር፤ የጀመሩትም ራሳቸው ናቸው። የወሊድ መከላከያ ኪኒንና የ1967ቱ የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ለጉዲፈቻ የሚሰጡትን ጨቅላ ሕፃናት ቁጥር ሲቀንሱ፣ ወደ ጉዲፈቻ የሚመጡት ዕድሜያቸው ከፍ ያለ፣ በደልና ቸልተኝነት ያዩ ልጆች እየሆኑ ሄዱ። ዛሬ አዶፕሽን ዩኬ የሚባለው የወላጆች ማኅበር በ1971 ተመሠረተ፤ በ1986 ለንደን ውስጥ ከጉዲፈቻ በኋላ ለሚመጣ ችግር ብቻ የቆመ የምክር ማዕከል ተከፈተ።

«ፍቅር ይበቃል» የሚለውን እምነት የፈተነው የሩማንያ ጉዳይ ነው። በ1989 የቻውሼስኩ አገዛዝ ሲወድቅ በአብዛኛው ከሕፃናት ማሳደጊያዎች ወጥተው ወደ እንግሊዝ ከመጡት ልጆች 165ቱን የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪሙ የማይክል ራተር ቡድን ለዓመታት ተከታተላቸው። ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት የወጡት በአብዛኛው አገገሙ። ከዚያ በላይ የቆዩት ግን በደግ ቤት አድገውም ከማያውቁት ሰው ጋር ያለ ፍርሃት ተነሥቶ እስከ መሄድ የሚያደርስ ችግር የታየባቸው ብዙዎች ነበሩ። ሆኖም ከአምስቱ አንዱ ያህል እስከ ጉልምስና ያለ ችግር ዘልቋል። ጥናቱ ጥፋቱን ከአሳዳጊዎች ላይ አነሣ፤ ትልቁ ውለታውም ይኸው ይመስላል።

የ2002 ሕግ ቤተሰቦች የድጋፍ ፍላጎታቸው እንዲገመገም የመጠየቅ መብት ሰጠ፤ የተገመገመውን ማሟላት ግን ግዴታ አላደረገም። ክፍተቱን በከፊል የሞላው በ2015 የተቋቋመው የጉዲፈቻ ድጋፍ ፈንድ ነው። ከሚከፍልላቸው ሕክምናዎች አንዱ ቴራፕሌይ ይባላል፦ ወላጅ በባለሙያ እየተመራ የልጁን እጅ ክሬም ይቀባል፣ ያጎርሰዋል፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ያጫውተዋል፤ በጨቅላነቱ የቀረበት እንዲካካስ ነው። በሚያዝያ 2025 ግን ፈንዱ ለአንድ ልጅ በዓመት ለሕክምና የሚፈቅደው ጣሪያ ከ5,000 ወደ 3,000 ፓውንድ ዝቅ ብሏል።