ሚስ ማድረግ (የሞተር ብልሽት)

ሚስ ማድረግ በቤንዚን ሞተር ውስጥ አንድ ወይም ከአንድ በላይ ሲሊንደር ተራው ሲደርስ ነዳጁን ሳያቃጥል ወይም በከፊል ብቻ አቃጥሎ ሲያልፍ የሚፈጠር ብልሽት ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ ቤንዚን ይበላል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ድምፅም ወጥነቱን ያጣል። ይህ ጽሑፍ በካርቡራተርና በዲስትሪቢውተር በሚሠሩ አሮጌ መኪኖች ላይ ያተኩራል። ቮልስ እየተባለ የሚጠራው ቮልስዋገን ቢትል እና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት ቶዮታ ኮሮላዎች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

መነሻው

በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ያቃጥላል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ አራቱ ሲሊንደሮች በድምሩ 1,600 ጊዜ ያቃጥላሉ ማለት ነው። አንዱ ከሞተ ከዚህ ውስጥ 400ው ይጎድላል። በእጅ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይኸው ጉድለት ነው።

አንድ ሲሊንደር እንዲያቃጥል ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፤ በሰዓቱ የሚደርስ የእሳት ብልጭታ፣ የተመጣጠነ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ፣ እንዲሁም በቂ እምቅታ (ኮምፕረሽን)። በአሮጌ መኪና ፍለጋውን ከብልጭታው መጀመር ያዋጣል፤ ክፍሎቹ ቶሎ የሚያረጁና በቀላሉ የሚፈተሹ ናቸውና።

የሞተውን ሲሊንደር መለየት

ሥራው ከቤት ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ገመዶቹ አንድ በአንድ ይነቀላሉ። ጤነኛ የሆነው ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል የሞተሩ ዙር ወዲያው ይወርዳል። ገመዱ ተነቅሎ ምንም ለውጥ ካልታየ ግን ያ ሲሊንደር ከመጀመሪያውም አልሠራም ነበር።

በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከ10,000 ቮልት በላይ ሊደርስ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም። መያዣው የተሸፈነ ፒንሳ ያስፈልጋል፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ጨርሶ መሞከር የለበትም። የተነቀለው ገመድ በአየር ላይ እንዲንጠለጠል መተው ቦቢናውን ሊጎዳ ስለሚችል ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር ማገናኘት ይገባል። የኤሌክትሮኒክስ ማቀጣጠያ ወይም ካታሊቲክ ኮንቨርተር ባላቸው መኪኖች ላይ ይህ ሙከራ አይመከርም።

ካንዴላው የሚናገረው

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የሞተው ሲሊንደር ካንዴላ ተፈትቶ ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ቅባት ያለው ጥቁር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ያሳያል። በቤንዚን የራሰ ካንዴላ ነዳጅ ደርሶት እሳት ያጣ ነው። የነጣና የተቃጠለ ከሆነ ደግሞ ድብልቁ በአየር ብዛት ቀጥኗል፣ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው።

ጥላሸቱን ለመተርጎም ቦታውም ይታያል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። አራቱም ካንዴላዎች እኩል ከጠቆሩ ችግሩ የካርቡራተሩ ነው። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ግን ወደዚያው ሲሊንደር መመለስ ነው።

ቀጣዩ ሙከራ ገንዘብ አያስወጣም። የተጠረጠረውን ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሮ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ብልሽቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ገመዱ በተመሳሳይ መንገድ ይፈተናል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መቀየር የትኛው እንደተበላሸ ይደብቃል። ገመዶቹ ሲመለሱ የማቀጣጠያው ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት፤ በኮሮላ 1-3-4-2፣ በቢትል 1-4-3-2 ነው። ሁለት ገመዶች ከተዛነፉ ደህና የነበረው ሲሊንደርም አብሮ ሚስ ያደርጋል።

በክረምት ጠዋት ብቻ የሚታይ ብልሽት ብዙውን ጊዜ ከእርጥበት ጋር የተያያዘ ነው። የዲስትሪቢውተሩ ክዳን ውስጡ ከረጠበ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለው፣ ብልጭታው ካንዴላው ሳይደርስ በአቋራጭ ያመልጣል። በጨለማ ኮፈኑን ከፍቶ ሲታይ ያረጁ ገመዶች ላይ ሰማያዊ ፍንጣሪ ሊታይ ይችላል። ሁሉም ሲሊንደሮች አልፎ አልፎ የሚስቱ ከሆነ ደግሞ የሚጠረጠሩት የጋራ ክፍሎች ናቸው፤ ፑንቲና፣ ኮንደንሰርና ቦቢና።

እምቅታ

እሳቱም ነዳጁም ደህና ሆነው ሲሊንደሩ ካልሠራ እምቅታው በጌጅ ይለካል። በማኑዋሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ጠለል አካባቢ የሚገኝ ነው፤ ከፍታ ቦታ ላይ ጤነኛ ሞተርም ከዚያ ያነሰ ያሳያል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ይበልጥ ያስተማምናል። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል። ካልተለወጠ ቫልቩ አይገጥምም ወይም የቴስታታው ጋስኬት ተበልቷል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጋስኬቱ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው።

ሚስ የሚያደርግ መኪና እንዲሁ ሲነዳ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥባል፣ ወደ ታች ወርዶም የሞተር ዘይቱን ያቀጥናል። በአንድ ካንዴላ ዋጋ ሳይሆን በሙሉ ሞተር ማደስ የሚያስከፍለው ይህ ነው። ኮምፒውተር ባላቸው መኪኖች ላይ ብልሽቱ በኮድ ይመዘገባል፤ ፒ0301 ለምሳሌ አንደኛው ሲሊንደር ሚስ ማድረጉን ያመለክታል። ኮዱ ሲሊንደሩን ይጠቁማል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ካንዴላውን መፍታት እዚያም አይቀርም።