የማኅበር ሱቅ በዳሞት፤ አነሣሡና አወዳደቁ

በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ተመሳሳይ ሸቀጥ በአንድ ዋጋ የሚሸጡ ሱቆችን በየአካባቢው መዘርጋት በአውሮፓና በአሜሪካ የባለሀብት ሥራ ነበር። በአገራችን ይህን መልክ ይዞ እስከ ገጠር የዘለቀው ግን የአብዮቱ ዘመን የቀበሌና የማኅበር ሱቅ ነው። ወልወርዝ በተባለው ስመ ጥር ስም የሚጠሩት ርካሽ ሱቆች በአሜሪካ በ1989፣ በብሪታንያም በ2001 ዓ.ም. ሲዘጉ ገዢው አስቀድሞ ወደ ሌሎች መደብሮች ፊቱን አዙሮ ነበር። የማኅበር ሱቅ አወዳደቅ ግን ከዚህ ይለያል፤ በሩ ላይ የሚሰለፈው ገዢ ሳይጎድል ነው የወደቀው።

ቡሬ ጎጃምን ከአባይ ማዶ ካለው ወለጋ ጋር የሚያገናኝ የቆየ የገበያ ከተማ ነው። ፍኖተ ሰላም ደግሞ የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የአካባቢው ገበሬ ጤፉን፣ በቆሎውን፣ ኑጉንና በርበሬውን ለገበያ አውጥቶ ጨውና ጨርቅ ይገዛ የነበረው ከግል ነጋዴ ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የጅምላ ነጋዴን ካፒታል በ300,000፣ የችርቻሮውን በ200,000 ብር ወሰነ። በዚህም የግል ነጋዴ ተስፋፍቶ ብዙ ሱቅ የሚከፍትበት መንገድ ጠበበ።

ባዶውን ቦታ እንዲሞሉ የታሰቡት ሁለት ዓይነት ሱቆች ነበሩ። በከተማ የቀበሌ ሱቅ፣ በገጠር የገበሬዎች አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ተቋቋመ። የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲደራጁ በ1967 ዓ.ም. በገጠር መሬት አዋጅ ተደንግጎ ነበር። ጎረቤት የሆኑ ማኅበራት ተባብረው የአገልግሎት ማኅበር እንዲያቋቁሙ አዋጅ ቁጥር 71/1968 ፈቀደ፤ አዋጅ ቁጥር 138/1970ም አጠናከረው። አባላቱ ዕጣ ይገዛሉ፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪትና አቡጀዲ ከመንግሥት አከፋፋይ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ይቀርባል። ዋጋው ከግል ሱቅ ይረክስ ስለ ነበር ሸቀጥ ገባ የተባለ ዕለት ሰው ይጎርፍ ነበር።

ይሁን እንጂ ያው ማኅበር ሌላ ተግባርም ነበረው፤ ይኸውም እህል መሰብሰብ ነው። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን የሚፈልገው መጠን ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ማኅበሩ እየተደለደለ በመጨረሻ በገበሬው ላይ ኮታ ሆኖ ያርፋል። ጎጃም ከአርሲና ከሸዋ ጋር የኮርፖሬሽኑ ዋነኛ የእህል ምንጭ ስለ ነበረ የግል እህል ነጋዴው በዚያ በተለይ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ወደቀ። የኮታው ዋጋ ከገበያው ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል። ኮታውን ያላሟላ ደግሞ መቀጫ ይጠብቀዋል፤ ከማኅበሩ ሱቅ ሸቀጥ የመግዛት መብቱንም እስከ ማጣት ይደርሳል።

እንግዲህ የሱቁ ርካሽነት ምሥጢር በዚህ ይገለጣል። ገበሬው በጨውና በሳሙና ላይ ያተረፋት ጥቂት ሳንቲም በጤፉ ላይ ከተወሰደበት ጋር ስትመዛዘን ቅናሽ ልትባል አትችልም። በአንድ ጣሪያ ሥር በአንዱ እጅ ርካሽ ሸቀጥ ይሰጣል፤ በሌላው እጅ ርካሽ እህል ይወሰዳል። የሸቀጡም አቅርቦት የተቆራረጠ ነበር፤ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ኮታው ግን አይቀርም። ማኅበሩ በስሙ የገበሬው ይሁን እንጂ የሚገዛውንም ሆነ የሚሸጠውን ዋጋ አባላቱ አልወሰኑም።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲያውጅ ኮታው ቀረ፤ የእህል ንግድም ነጻ ሆነ። ወዲያውም የማኅበራቱ መሠረት ተናጋ። ሥርዓቱ በግንቦት 1983 ዓ.ም. እስኪወድቅ በነበረው ጊዜና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ ብዙ የአገልግሎት ማኅበራት ፈረሱ፤ ንብረታቸው ተከፋፈለ ወይም ተዘረፈ። ዕጣ የገዛበትን ሱቅ ገበሬው አለመከላከሉ፣ እንዲያውም አንዳንዱ ከዘራፊው ጋር መሰለፉ፣ ንብረቱን የራሱ አድርጎ እንዳልቆጠረው ያመለክታል።

ከዚያ ወዲህ አዋጅ ቁጥር 147/1991 ኅብረት ሥራን በፈቃደኝነትና በአባላት ቁጥጥር ላይ መሠረተ፤ በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። በዚህ መሠረት የተቋቋሙት የሸማቾችና የገበሬዎች ማኅበራት ስኳር፣ ዘይትና ማዳበሪያ ሲያከፋፍሉ የቀድሞውን ሱቅ ለሚያስታውስ ሰው አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሒሳብ አዋቂም ሆነ የማኅበር አደራጅ ሊመረምር የሚገባው ዋጋው መርከሱን ብቻ አይደለም፤ ቅናሹ ከማን ኪስ እንደ ወጣና ዋጋውን ማን እንደ ወሰነ ጭምር እንጂ። አባላቱ ወስነውት የረከሰ ሱቅ ቢከስር እንኳ ባለቤት አለው፤ የዳሞት የማኅበር ሱቅ ግን በክፉ ቀን የሚቆምለት ባለቤት አላገኘም።