የቃል እርባታ ትምህርትና ባለቤቶቹ

የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በአውሮፓ ከታተሙት መጻሕፍት ነው። እኛ ግን ኅትመት መቅደሙ የዕውቀትን መቅደም እንደማያስረዳ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በቅኔ ቤት ተማሪው ግስ ሲያጠና ቃል ከምን ተነሥቶ ምን እንደሚወልድ አብሮ ይማራል። የግዕዝን ግሶች ቀተለ፥ ቀደሰ፥ ተንበለ፥ ባረከ፥ ማህረከ፥ ሴሰየ፥ ክህለ፥ ጦመረ በሚባሉት ስምንት አርእስት ይመድባል፤ ከዚያም በአምስቱ አዕማድ ያረባል። አዕማዱ ለአማርኛም ያገለግላሉ። ይኸውም «ከፈለ» አድራጊ፥ «ተከፈለ» ተደራጊ፥ «አስከፈለ» አስደራጊ፥ «ተካፈለ» ተደራራጊ፥ «አካፈለ» አደራራጊ ይባላል። ከነዚሁ ሦስት ፊደላት «ክፍል»፥ «ክፍያ»፥ «ከፋይ»፥ «መክፈያ» የሚሉ ስሞች ይወጣሉ።

ወደ አውሮፓ ስንመለስ፥ ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ የግዕዝን ሰዋስው በ1661፥ የአማርኛን በ1698 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በላቲን አሳትሟል። ነገር ግን መምህሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በ1649 ሮም ላይ ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ ሄደው አብረውት ሠሩ። ሉዶልፍም ውለታቸውን አልሸሸገም። በ1901 የታተመው የኢኛሲዮ ጉይዲ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላትም የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ እርዳታ ነበረበት።

የውጭ ሊቃውንትን ድርሻ ልናሳንስ አንፈልግም። ቋንቋችንን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋራ አስተያይተዋል፤ ለዓለምም አስታውቀዋል። ሆኖም የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ደቀ መዝሙር አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሁለቱን መንገዶች በአንድነት ይዘው ተጓዙ። በ1948 ዓ.ም. በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አማካይነት የታተመው የሰዋስውና የግስ መጽሐፋቸው የቅኔ ቤቱን እርባታ ከሌሎች ሴማውያን ቋንቋዎች ጋራ ያዛምዳል።

ነገሩ የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም። በሒሳብ ትምህርት «ማካፈል»፥ «ተካፋይ»፥ «አካፋይ» ስንል የምንሠራው በዚሁ እርባታ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ዕውቀት አዲስ ቃል የሚሻ ሰው ከባዕድ ቋንቋ ከመበደሩ በፊት አዕማዱን ቢመረምር ይበጃል እንላለን።