ወዳጁን ታቅፎ የተሻገረው ሰው

ስሙኝማ ወገኖቼ። በሰሜን እንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ፣ ሮብ በሮው የሚባል የራግቢ ተጫዋች ነበረ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65፣ ግን በግዙፎቹ መካከል ሾልኮ ሲሮጥ የሚይዘው የጠፋ። አምበሉ ኬቨን ሲንፊልድ ይባላል፤ ሁለቱ ለዓመታት አብረው ተጫወቱ፣ አብረውም ዋንጫ አነሱ።

ከዚያም ጫማቸውን ሰቀሉና ኑሮ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሮብ አንደበት መኮላተፍ ጀመረ፣ ወዳጆቹም ልብ አሉ፣ ሐኪም ዘንድም ሄደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የ37 ዓመቱ የሦስት ልጆች አባት ሞተር ኒውሮን ዲዚዝ እንደያዘው ተነገረው። አሜሪካኖች ኤ ኤል ኤስ የሚሉት ነው። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች እያደር ይሞታሉ፤ የአንዱ እጅ ይዝላል፣ የሌላው ምላስ ይተሳሰራል፣ ከዚያ መራመድ፣ ከዚያ መዋጥ፣ በኋላም መተንፈስ ይቸግራል፤ የሚያድን መድኃኒትም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ኬቨንም ለሕሙማኑ ገንዘብ ሊያሰባስብ ተነሥቶ ሮጠ። የሮብ ማሊያ 7 ቁጥር ነበረና በ2020፣ በዲሴምበር ብርድ፣ በ7 ቀን 7 ማራቶን ሮጠ፤ በዓመቱ ከሌስተር እስከ ሊድስ 101 ማይል በ24 ሰዓት ውስጥ ሮጠ፤ ከዚያም በ2022 ከኤደንብራ ተነሥቶ ማንቸስተር ገባ። ሰዉም መንገድ ዳር ወጥቶ አጨበጨበ፣ ለሕሙማኑም ሚሊዮኖች ፓውንድ ተዋጣ፣ የበሽታውም ስም በየቤቱ ተሰማ።

በሜይ 2023 በሮብ ስም በተሰየመው የሊድስ ማራቶን ኬቨን ወዳጁን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ያን ሁሉ ዳገት ወጣ፣ ቁልቁለቱንም ወረደ፤ መጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስም ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ታቅፎትም ተሻገረ፣ ጉንጩንም ሳመው።

ሮብ ጁን 2 ቀን 2024 ዐረፈ፤ በማግስቱም በስሙ የሚጠራው የሕሙማን ማእከል ግንባታ በሊድስ ተጀመረ።

ድምፁ ከጠፋ በኋላ ሮብ በዓይኑ ፊደል እየመረጠ፣ ከድሮ ቅጂዎች በተሠራ በገዛ ድምፁ ይናገር ነበር፤ የብዙዎቹ ሕሙማን አእምሮ እንደነቃ ይቆያልና። እንግዲህ ወገኖቼ፣ የጎረቤታችሁ ምላስ ቢኮላተፍ ሰክሯል አትበሉት፣ እጁ ቢዝል ተረግሟል አትበሉት፤ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። መናገር ቢያቅተውም አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስለ እሱ ሌላውን አትጠይቁ፤ እሱኑ በስሙ ጥሩት፣ መልሱንም እስኪሰጣችሁ ጠብቁት።