ከሩሲያ የመጣው ነሐስ፦ የኢትዮጵያ ኦርኬስትራ አጀማመርና የድሬዳዋ መንገድ



የሩሲያ ኦርኬስትራ ሲባል በአብዛኞቻችን ኅሊና የሚሣለው በቫዮሊን የተሞላ የፒተርስበርግ አዳራሽ ነው። እኔ ዛሬ የምተርከው ግን ከሩሲያ ተነሥቶ ወደ እኛ ስለ ደረሰው ነው። የደረሰውም ቫዮሊን አልነበረም፤ ነሐስ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተገኘው ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር ላኩ። ስጦታው የወዳጅነት ምልክት ነበር፤ የሠራዊት ስጦታም ነበር። ይህን ሁለተኛውን ገጽታ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ያልፉታል። በእኔ አስተያየት ግን ቀጣዩን ታሪክ የወሰነው እርሱ ነው። ቤተ መንግሥቱ እምቢልታና መለከት ነበረው፤ ነሐሱ የገባው የእነርሱን ቦታ ተጋርቶ በሰልፍና በአቀባበል ላይ ነው እንጂ ተቀምጠው በሚያደምጡት አዳራሽ አይደለም። ኦርኬስትራችን ከሰልፈኛ ባንድ የተወለደው ስለዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ አልነበረችም። የሩሲያ እንግዶች በአብዛኛው የሚገቡት ከጅቡቲ በበረሃ ወደ ሐረር በሚወጣው የግመል መንገድ ነበር። አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለው መኮንን እ.ኤ.አ. በ1896 ይህን መንገድ አራት ቀን ባልሞላ ጊዜ ማቋረጡ እንደ ጀብዱ ተወራለት፤ ነጋዴው ግን ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት ከግርጌው ሲቆም ከተማችን ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ ከባሕር ማዶ ለመጣ ጥሩምባም ሆነ ጥሩምባ ነፊ በሩ እዚህ ሆነ።

ከገቡት ሁሉ የአርባ ልጆችን ያህል ታሪክ የሠራ የለም። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ከዘር ፍጅቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሲጫወት አደመጡ። ልጆቹን ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። አርባዎቹ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንድያን ጋር ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። አገርና ወላጅ ያጡ ልጆች ለሌላ አገር የክብር ድምፅ ሆኑ፤ ነገሩ በክብር ስለሚተረክ ሐዘኑ ብዙ ጊዜ ይሰወራል። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ለጻፉለት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መዝሙር ዜማውን የደረሱት ኬቮርክ ናቸው። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ተሰማ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች በክብር ዘበኛ ለአውታር መሣሪያዎች ቦታ ለመስጠት ሞከሩ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ ለረጅም ዓመታት ከባድ የሆነውን ሥራ ሠሩ። ክራር ትዝታን ከተጫወተ በኋላ ለባቲ ወይም ለአንቺሆዬ አውታሩ ይላላል፣ ይጠብቃል፤ ትሮምቦኑንና ትራምፔቱን ግን ፋብሪካው በአውሮፓ ልክ ነው የሠራቸው። ቅኝቶቹን ለእነዚህ መሣሪያዎች አቀናብሮ መጻፍ፣ ያም ሳይላሽ እንዲሰማ ማድረግ፣ እንደ ትርጉም ሥራ ነው። ሙሉ የሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሥር አልሰደደም፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ግን እስከ ዛሬ በዘፈኖቻችን መካከል አሉ።

ድሬዳዋ መተላለፊያ ብቻ ሆና መጻፏ ያሳዝነኛል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የአፍረን ቀሎ ወጣቶች በአፋን ኦሮሞ ዘፈን ሲያቀርቡ፣ ቋንቋው በአደባባይ ቦታ በተነፈገበት ዘመን ነው የሠሩት፤ ብዙ ጫናም ደረሰባቸው። ከእነርሱ አንዱ፣ የዚህች ከተማ ልጅ ዓሊ ቢራ፣ በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈኑ። በዛር ስጦታ የጀመረው የቤተ መንግሥት ነሐስ ከሰባ ዓመት በኋላ ቤተ መንግሥቱ ሊሰማው ያልፈለገውን ቋንቋ አጀበ። ዓሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት እዚሁ ድሬዳዋ ነው።