ሄዶ የተመለሰው ደም

የዚህ ታሪክ መነሻው ጦር ሜዳ ነው፤ የደም ወሬ ከየት ይነሳ ኖሯል! ዘመኑ 1917፣ ወሩ ኅዳር፣ ቦታው በሰሜን ፈረንሳይ ካምብሬ የምትባል ከተማ አካባቢ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።) እንግሊዞች ታንኩን በመቶዎች አሰልፈው የጀርመንን ምሽግ ሊደረምሱ ገብተዋል። ከኋላ፣ በጦር ሜዳው ሕክምና ጣቢያ፣ ቃሬዛው ይደረደራል። ከቁስለኞቹ መካከል ሐኪሞቹ ዓይተው የሚያልፏቸው አሉ፤ ፊታቸው የገረጣ፣ ላባቸው የቀዘቀዘ፣ የልብ ትርታቸው በጣት የማይገኝ። ቢላ ቢያርፍባቸው ጠረጴዛው ላይ ይቀራሉ፤ ባያርፍባቸውም ይሞታሉ።

ኦስዋልድ ሮበርትሰን የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሐኪም ሳጥን አስጭኖ የመጣው ወደነዚህ ሰዎች ነው። ሳጥኑ ውስጥ በረዶ፣ በበረዶው መካከል ጠርሙስ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ደም! አስቀድሞ የተቀዳ፣ ዓይነቱ ኦ የሆነ፣ ተቀባዩ የማን እንደሆነ የማያውቀው ደም። እስከዚያ ዘመን ደም መስጠት ማለት በአብዛኛው ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ደሙ ሳይረጋ በጥድፊያ የሚከናወን ጭንቅ ነበር። በ1914 ሲትሬት የሚባል ጨው ለሰው በሚሰጥ ደም ላይ ተሞክሮ መርጋቱን ገታ። ሮበርትሰን ደግሞ ኒውዮርክ፣ ሮክፌለር ተቋም ሳለ፣ ስኳር ሲጨመርበት ደም ለሳምንታት ሳይበላሽ እንደሚቆይ ከፔይተን ራውስ ዘንድ ተምሯል። ያንን ይዞ ወረደ። ለቀዶ ሕክምና አይበቁም ለተባሉ 20 ቁስለኞች ሰጠ፤ 11ዱ ተረፉ። የደም ባንክ አባት ይሄ ሰው ነው ብል ብዙ ተቃዋሚ የሚነሳብኝ አይመስለኝም።

ታዲያ በዚህ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም፤ ሐኪምም ይረሳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች ሰሜን አፍሪካ የወረዱት በዋናነት ፕላዝማ፣ ማለትም ሴሎቹ ሲለዩ የሚቀረውን የደም ፈሳሽ፣ ይዘው ነው። የደረቀ፣ ለመጫን የሚመች፣ በውሃ በጥብጠው የሚሰጡት። በ1943 ከቦስተን የመጣው የቀዶ ሕክምና አማካሪ ኤድዋርድ ቸርችል ይህን ዓይቶ፣ ከቁስለኛው የፈሰሰው ደም ነው፣ የሚያሻውም ደም ነው ብሎ ተነሳ። አለቆቹ ጆሮ ሲነፍጉት ጉዳዩን ለኒውዮርክ ታይምስ አወጣው። ቆይቶ ደሙ በአውሮፕላን እየተጫነ ውቅያኖስ ተሻገረ።

ሰላም ሲሆን ሁለተኛው መርሳት መጣ። ክፋት የለበትም። አንድ ከረጢት ደም ተከፋፍሎ ለሦስት ሰው ይደርሳል፤ ቀይ ሴሉ ደም ላነሰው፣ ደም በማርጋት የሚያግዘው ፕላትሌት ለካንሰር ታማሚ፣ ፕላዝማው ደሙ አልረጋ ላለው። ሙሉው ደም ከሆስፒታል ማቀዝቀዣ እየጠፋ ሄደ። በጥይት ወይም በመኪና አደጋ ቆስሎ ለሚመጣውም ሥርዓቱ እንዲህ ሆነ፤ መጀመሪያ ሊትር በሊትር የጨው ውሃ በደም ሥሩ ይለቀቅበታል፣ ከዚያ ቀይ ሴል ይሰጠዋል፤ ፕላዝማና ፕላትሌት ግን የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ። ውጤቱ እስኪመጣ ሰውየው የት ደርሷል?

እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነበር፤ ድስቱ ይሞላል፣ ወጡ ግን ወጥ መሆኑ ይቀራል። ግፊቱ ከፍ ሲል ደም የሚያረጉት ነገሮች ይቀጥናሉ። ፈሳሹ ሰውነቱን ያበርደዋል፣ የበረደ ሰው ደሙ በወጉ አይረጋም። ደም ያጣ ሥጋ አሲድ ያመነጫል፣ አሲዱ መርጋቱን ያውካል፣ ሰውየው እንደገና ይደማል። በ1994 የሂውስተን ሐኪሞች ደፍረው ፈተኑት። ደረትና ሆዳቸውን በጥይት ወይም በስለት ተመትተው ግፊታቸው የወረደ 598 ሰዎች ነበሩ። ለአንዱ ወገን ፈሳሹ ወዲያው ተሰጠ፤ ለሌላው ቀዶ ሕክምና ክፍል እስኪገባ ተከለከለ። ወዲያው ካገኙት 62 በመቶ፣ ከተከለከሉት 70 በመቶ ዳኑ። ዕድሜውን ሙሉ «ልቀቁበት!» ሲል ለኖረ ሐኪም ይህ መራራ ነው።

አሁን ኢራቅ እንግባ። አንድ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ብዙ ደም የወሰዱ 246 ቁስለኞችን መዝገብ አገላበጠ፤ ውጤቱ በ2007 ታተመ። ለስምንት ከረጢት ቀይ ሴል አንድ ፕላዝማ ብቻ ካገኙት 65 በመቶ ሞተዋል። ፕላዝማው ከቀይ ሴሉ ጋር ወደ እኩል ከተጠጋላቸው ግን የሞቱት 19 በመቶ ናቸው። ዓለም ተነቃነቀ። የደፈረሰው ሁሉ የጠራ መሰለ።

እኔ ግን እዚህ ላይ ቆም እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ፕላዝማ በረዶ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ እስኪቀልጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በሃያ ደቂቃ የሞተው ቁስለኛ ቀይ ሴል ብቻ አግኝቶ ይሞታል፤ መዝገቡም «ፕላዝማ ያነሰው» ብሎ ይቆጥረዋል። ሰዓታት የቆየው ሰው ፕላዝማው ደርሶለታል። እንግዲህ ፕላዝማው አዳነው ወይስ ስለቆየ ፕላዝማው ደረሰለት? ይህን የጠየቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነበር። ወረቀት ላይ የተቀመጠ ሟች መቼ እንደሞተ ካልተጠየቀ ይዋሻል።

ስለዚህ የትኛው ቁስለኛ ምን እንደሚያገኝ በዕጣ መለየት ግድ ሆነ። በሰሜን አሜሪካ 12 ሆስፒታሎች፣ 680 ቁስለኞች፣ ደሙም በደቂቃዎች ውስጥ ዝግጁ። ለአንዱ ወገን ፕላዝማ፣ ፕላትሌትና ቀይ ሴል እኩል በእኩል፤ ለሌላው ቀይ ሴሉ እጥፍ። በ2015 ውጤቱ ወጣ። በአንድ ቀን ውስጥ የሞቱት 12.7 እና 17 በመቶ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል ተባለ። ደማቸው ፈሶ ያለቀባቸው ግን 9.2 እና 14.6 በመቶ፤ ይህ በአጋጣሚ የሚባል አይደለም። ከ65 ወደ 19 የወረደው ተአምር አልተደገመም፤ እውነተኛው ጥቅም አነስ ብሎ ተገኘ። ትንሽ ቢሆንም ብዙ ሆስፒታሎች ሥርዓታቸውን ቀይረውበታል።

በመንገዳችን ጃፓናዊቷን ኡታኮ ኦካሞቶን ሳላነሳ አላልፍም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከባለቤቷ ጋር ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን ደም መፍሰስ የሚገታ መድኃኒት ያገኘች ናት፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ያሳስባት ነበር። በ2010 ከ20 ሺህ በላይ ቁስለኞች በ40 አገሮች ተፈተኑበት። ሞት ቀነሰ፤ ደግሞም ርካሽ ነው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ከጉዳቱ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት።

ወደ ከረጢቶቹ እንመለስና፣ ሒሳቡን የሠሩ ሰዎች አሉ። የተለያዩትን ሦስቱን ከረጢቶች መልሳችሁ ብትቀላቅሉ ምን ይወጣል? የተጨመረባቸው ማቆያ ፈሳሽ ስለሚያቀጥናቸው ቀይ ሴሉ የደሙ 29 በመቶ ግድም፣ የሚያረጋው ኃይል ከመደበኛው 65 በመቶ ግድም ይሆናል። ታዲያ መጀመሪያ ለምን ለዩት? የአሜሪካ ልዩ ጦር ሬንጀሮች መልሱን በራሳቸው አካል ሰጡ፤ ዓይነት ኦ የሆኑትንና ፀረ እንግዳ አካላቸው ዝቅተኛ የሆነውን ወታደሮች አስቀድመው መርምረው መዘገቡ፤ ጓዳቸው ሲቆስል እዚያው ሜዳ ላይ ከክንዳቸው ቀድተው ይሰጡታል። በአሜሪካ ከተሞችም ሙሉ ደም በሄሊኮፕተርና በአምቡላንስ መጫን ተጀምሯል።

ችግሩ ሙሉ ደም እንደ አያያዙ ከ21 እስከ 35 ቀን ብቻ መቆየቱ ነው፤ የኦ ሰጪም እንደ ልብ አይገኝም። አንዳንድ ሆስፒታል በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁስለኛ ካልመጣ ቀይ ሴሉን ለይቶ ለሌላ ታማሚ ይሰጠዋል። የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጋቲቭ ለሆነች ወጣት ሴት ፖዘቲቭ ደም መስጠትስ በኋላ እርግዝናዋ ላይ ምን ያስከትላል? አንዱ ሐኪም መጀመሪያ ትትረፍ ይላል፤ ሌላው የሚሰጠውን ከረጢት አስቀድሞ ይመርጣል። ክርክሩ ገና እየተካሄደ ነው።