ወይና ደጋ ሻርዶኔ

የወይን ጠጅ ቀማሾች «ኩል ክላይሜት» የሚሉት ነገር አለ። ተርጓሚ ሲደርስበት «ቀዝቃዛ የአየር ንብረት» ብሎ ያልፈዋል። አልተሳሳተም፤ ግን የፍኖተ ሰላም አንባቢ ይህን ሲሰማ የሚታየው ጮቄ ተራራ ላይ የሚወርደው ውርጭ ነው፤ ውርጭ ደግሞ የወይን ጠላት ነው። እኔ ቃሉ በእጃችን ነበር ባይ ነኝ፦ ወይና ደጋ።

ስሙን ከፍላችሁ እዩት፤ የወይን ደጋ ማለት ነው። ቆላም ደጋም ያልሆነውን አገር አባቶቻችን የጠሩት በጤፍ ወይም በማሽላ ሳይሆን በወይን ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ፍኖተ ሰላምም፣ ከ2,000 ሜትር ትንሽ የምታልፈው ቡሬም ወይና ደጋ ናቸው። ዛሬ በአካባቢው ማሳ የሚታየው በቆሎና በርበሬ ነው፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀርቷል።

ሻርዶኔ መነሻው የፈረንሳይ ቡርጎኝ የሆነ ነጭ ወይን ነው። ሙቀት በበዛበት ሲተከል ፍሬው ቶሎ ስኳር ይሞላል፣ ኮምጣጣነቱ ይወርዳል፤ ጠጁም አልኮሉ የበረታ፣ ማንጎ ማንጎ፣ አናናስ አናናስ የሚል ይሆናል። ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ፍሬው አይቸኩልም። ኮምጣጣነቱ ሳይሸሽ ጣዕሙ ይደርሳል፤ ሎሚና አረንጓዴ ፖም ያስታውሳል፣ ምራቅም ይጠራል።

ታዲያ ቅዝቃዜ ከከፍታ ብቻ አይገኝም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ከሄርማነስ ከተማ ጀርባ፣ ሄመል ኤን አርደ የሚባል ሸለቆ አለ፤ በአፍሪካንስ «ሰማይና ምድር» ማለት ነው። በሜትር ብቻ ከለካነው ቆላ ልንለው ነው። የሚያበርደው ከቅርቡ ውቅያኖስ የሚነሣው ነፋስ ነው። ቲም ሃሚልተን ራስል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1975 እዚያ መሬት የገዛው ለሻርዶኔና ለፒኖ ኗር የሚስማማ ብርድ ፍለጋ ነበር፤ ዛሬ ሸለቆው የሚታወቀው በእነዚሁ በሁለቱ ነው። «የባሕር ዳር ወይን» ብንለው ደግሞ አንባቢው ጣና ዳር ሊወርድብን ነው፤ «የባሕር ጠረፍ» ይሻላል።

ወይና ደጋ የከፍታ ስም ነው፣ ለጠረፍ አይሆንም የሚል ይኖራል። ገበሬ ግን አገሩን በሜትር ለክቶ አያውቅም፤ በአየሩና በሚያበቅለው ነው የለየው። ሄመል ኤን አርደም በዚህ መለኪያ ያልፋል።

በአገራችን ሻርዶኔ የሚገኘው ዝዋይ ነው። የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻ ሐይቁ አጠገብ በመሆኑ ጉማሬ እንዳይገባበት ቦይ ተቆፍሮለታል፤ ጠጁም እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ወጣ። ቦታው 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ በወይና ደጋ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው፣ ፀሐዩም ይከብዳል። «ሪፍት ቫሊ» የሚል የካስቴል ጠርሙስ ያገኘ ሰው ከጠረፉ ሻርዶኔ ጋር ጎን ለጎን ይቅመሰው። ተርጓሚዎችም «ቀዝቃዛ የአየር ንብረት ሻርዶኔ» የሚለውን ሰርዛችሁ «ወይና ደጋ ሻርዶኔ» በሉልን።